የገጠር ወረዳ ፕሮፋይል ስትጽፉ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የወረዳ ፕሮፋይል፣ ማለትም የአንድን ወረዳ ሕዝብና ኑሮ በቁጥር የሚያሳየው ሰነድ፣ ብዙ ሰው የሚያነበው አይመስልም። ግን ይነበባል። የውሃ ጉድጓዱ የት ይቆፈር፣ የትኛው ቀበሌ ጤና ኬላ ያግኝ፣ ስንት ኩንታል ስንዴ ይጫን ሲባል ጠረጴዛ ላይ የሚቀርበው እሱ ነው። አንዴ የገባ ቁጥር ደግሞ ከሰነድ ወደ ሰነድ እየተገለበጠ ለዓመታት ይኖራል። የተሳሳተ ከሆነ ሰው ይጎዳል። አዳዲስ ባለሙያዎችና የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ልጆች የሚልኩልኝን ረቂቅ ሳነብ ደጋግሜ የማገኛቸውን ስህተቶች ላስቀምጥ። አንዳንዱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ አንጀቴን ስለሚያሳርረኝ ነው።

ሦስት የሕዝብ ቁጥር ተገኘ ብሎ አማካይ ማውጣት

ትልቁ ይሄ ነው። አንድ ወረዳ ሂዱና የሕዝቡን ብዛት ጠይቁ። ጤና ጽሕፈት ቤት አንድ ቁጥር ይሰጣችኋል። ግብርና ሌላ። ገንዘብ ወይም ፕላን ደግሞ ሌላ። ጀማሪው ግራ ይገባዋል። ከዚያ ሦስቱን ደምሮ ለሦስት ያካፍልና «የወረዳው ሕዝብ ብዛት» ብሎ ይጽፋል። ሰንጠረዡ ያምራል። ቁጥሩ ግን የማንም አይደለም። ማን ቆጠረው ቢባል መልስ የለውም።

ጽሕፈት ቤቶቹ የተለያየ ቁጥር የያዙት የተለያየ ነገር ስለሚቆጥሩ ነው። ግብርና የሚከታተለው መሬት ያላቸውን አባወራዎችና እማወራዎች ነው። መሬት ያልደረሰው አዲስ ተጋቢ እዚያ መዝገብ ላይ የለም። ቀበሌው ማዕከል ቤት ተከራይቶ የሚኖረው አስተማሪ የለም። ሻይ ቤት ከፍታ የምትኖረው ሴትም የለችም። ጤና የሚነሳው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ዞረው ከሞሉት የቤተሰብ ፎልደር ነው፤ አለዚያም ከላይ የወረደለትን ትንበያ ይይዛል። በዚያ ላይ ተመርኩዞ የነፍሰ ጡሮችንና የሚከተቡ ሕፃናትን ብዛት በመቶኛ ያወጣል። ገንዘብ ጽሕፈት ቤት በእጁ የያዘው ለበጀት ድልድል የሚሠራበትን ቁጥር ነው። የሕዝብ ብዛት ከድልድሉ መስፈርቶች አንዱ ስለሆነ ቁጥሬ ይቀነስ የሚል ወረዳ አታገኙም።

እንግዲህ እነዚህን ሦስቱን ቀላቅሎ ማካፈል ምን ይሉታል? አንድ ረቂቅ ላይ ከዚህም የባሰ አይቻለሁ። ጸሐፊው የግብርናን የአባወራ ቁጥር በአምስት አባዝቶ፣ ያገኘውን ከጤናው ጋር ደምሮ ለሁለት ከፍሎታል። በ1999ኙ ቆጠራ የአገሪቱ አማካይ የቤተሰብ ብዛት 4.7 ነበር፤ «አምስት» ከየት እንደመጣ አልጻፈም። መሬት የሌላቸው ቤተሰቦች ደግሞ ድሮውኑ ከቁጥሩ ውጭ ናቸው።

አንዱን ምረጡ። ለምን እንደመረጣችሁት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። የቀሩትን ከነባለቤታቸውና ከነዓመታቸው በግርጌ አስቀምጡ። ልዩነታቸው ሰፊ ከሆነ ዝም ብላችሁ አትለፉ፤ ሁለቱን ባለሙያዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ቀበሌ በቀበሌ አስተያዩ። ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ሁለት ሦስት ቀበሌ ላይ ተከማችቶ ይገኛል።

ትንበያን እንደ ቆጠራ መጻፍ

ኢትዮጵያ ሕዝቧን የቆጠረችው በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ነው። የመጨረሻው ግንቦት 1999 ተካሄደ፤ አፋርና ሶማሌ ግን የተቆጠሩት ኅዳር 2000 ላይ ነው። አራተኛው በ2010 ይካሄዳል ተብሎ ሲጠበቅ ተራዘመ፣ ከዚያም ደጋግሞ ተራዘመ። ስለዚህ ከ1999ኙ ቆጠራ ወዲህ ያለ የወረዳ ቁጥር ሁሉ ትንበያ ወይም ግምት ነው። «በ2014 የወረዳው ሕዝብ 128,416 ነበር» ብሎ እስከ አንድ ሰው ድረስ መጻፍ አንባቢውን ያሳስታል። «እንደሚገመተው» ትንሽ ቃል ናት፤ አትዝለሏት።

ትንበያውን ራሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ የአገሪቱን የዕድገት መጠን አንስታችሁ ወረዳው ላይ አትለጥፉ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቆጠራ መካከል የአገሪቱ ሕዝብ በዓመት 2.6 በመቶ ነበር ያደገው። የአማራ ክልል ግን 1.7 በመቶ ነው። ልዩነቱ ኢምንት ይመስላል። እስቲ አስሉት። በቆጠራው 100,000 ሰው የነበረው ወረዳ ከ18 ዓመት በኋላ በ2.6 ሲሰላ 158,700 ገደማ ይሆናል። በ1.7 ሲሰላ 135,500 ገደማ። በመካከል የቀሩት 23,000 ሰዎች ወረቀት ላይ ብቻ የተወለዱ ናቸው። መድኃኒትና መጽሐፍ ይመደብላቸዋል፣ የሚወስደው ግን የለም። ወይም በተቃራኒው፣ በእውን ያሉ ሰዎች ሳይመደብላቸው ይቀራል።

2.6ን በ18 አባዝቶ 46.8 በመቶ አደገ የሚለውም አለ። የተወለዱት ልጆችም አድገው ይወልዳሉ። ዕድገቱ ይነባበራል።

ዘመን መቀላቀል

ይሄንን ባየሁ ቁጥር እናደዳለሁ። ጀማሪው የሁለተኛውን ቆጠራ ከእንግሊዝኛ ሰነድ ያነባል፤ እዚያ 1994 ይላል። የሦስተኛውን ከአማርኛ ሰነድ ያነባል፤ 1999 ይላል። ይቀንሳል፣ አምስት ዓመት ያገኛል። በትክክለኛው ስሌት በመካከላቸው 12 ዓመት ተኩል ገደማ አለ። የአገሪቱ ሕዝብ በዚያ ጊዜ ከ53 ሚሊዮን በላይ የነበረው ወደ 74 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። ይህን በአምስት ዓመት ብታካፍሉት ሕዝቡ በየዓመቱ ከ6 በመቶ በላይ ያድጋል ማለት ነው። በ11 ዓመት ዕጥፍ! ይህ ቁጥር ታትሞ ከወጣ በኋላ ነው አንባቢ የሚያገኘው።

የበጀት ዓመት ላይም ያው ነው። ሐምሌ 1 የሚጀምረውን የበጀት ዓመት፣ መስከረም የሚጀምረውን ዓመተ ምሕረት እና የምርት ዘመኑን አንድ ዓምድ ውስጥ አትክተቱ። ሰንጠረዡ አናት ላይ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብላችሁ ጻፉ፤ ሁሉም ሰንጠረዥ ላይ።

ወሰኑ መቀየሩን ሳያዩ ማወዳደር

የ1999ኙ ቆጠራ ላይ ሰሜን ጎንደር ዞን 2.9 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ነበረው። ከዚያ ዞኑ ተከፍሎ ማዕከላዊ ጎንደርና ምዕራብ ጎንደር ወጡ። ዛሬ ሰሜን ጎንደር የሚባለው ከድሮው በብዙ ያነሰ ነው። ስም አይቶ ብቻ ያወዳደረ ሰው ሕዝቡ የት ገባ ብሎ ይደነግጣል፣ አለዚያም ስደት ነው ብሎ ምክንያት ይፈጥርለታል። ደቡብ ክልልማ ሲዳማ፣ ደቡብ ምዕራብ፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ሆኗል። ወረዳዎችም እንዲሁ ለሁለት ተከፍለዋል፤ ከተሞች ራሳቸውን ችለው ወጥተዋል። የወረዳው ትልቁ ከተማ ሲወጣ የማንበብ መጠኑ ይወርዳል፣ የነጋዴው ቁጥር ይቀንሳል፣ መብራት ያለው ቤት ይጠፋል። ወረዳው ግን አልደኸየም። መጀመሪያ የቀበሌዎቹን ዝርዝር ከቆጠራው ዝርዝር ጋር አስተያዩ። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ግን ሌላው ሁሉ የሚቆመው በሱ ላይ ነው።

ዕድሜን እንደተነገረ መቀበል

«ዕድሜዎ ስንት ነው አባ?»

«እንግዲህ ስልሳ በለው።»

የሚቀጥለውም ስልሳ ይላል። ከዚያ አርባ፣ አርባ አምስት፣ ሃምሳ። የዕድሜ ግራፉን ስትሠሩት በዜሮና በአምስት የሚያልቁት ዓመታት ላይ ሰው ተከምሮ፣ ሃምሳ ሰባትና ስልሳ ሦስት ባዶ ሆነው ታያላችሁ። ይህ ስለ ሕዝቡ ምንም አይናገርም፤ ስለ አጠያየቃችሁ ነው የሚናገረው። በክስተት ጠይቁ። «ጃንሆይ ሲወርዱ አግብተው ነበር ወይስ ከብት ይጠብቁ ነበር?» በሉ። ጎልማሳ ከሆነች እናት ጋር «በ77ቱ ድርቅ ተወልደሽ ነበር?» ትላላችሁ። መልሱ ወዲያው ይመጣል። በአምስት ዓመት ምድብ ማቅረብም ይረዳል፣ ጨርሶ ግን አያጠፋውም።

«ሥራ የላትም»

ይሄም ያበሳጨኛል። ጠያቂው በር ላይ ቆሟል። «እናቴ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?» ይላል። «ምን ሥራ አለኝ ልጄ፣ ቤት ውስጥ ነኝ» ይሉታል። እሱም «የቤት እመቤት» ላይ ምልክት ያደርጋል። ሲመልሱለት እጃቸው ላይ እንዝርት አለ። ከኋላቸው ለቅዳሜ ገበያ የሚሸጥ የጠላ ጋን ተደፍኗል። ዶሮዎቹ ግቢ ውስጥ ይጭራሉ፣ ቅቤው ተንጦ ተቀምጧል። ያ ቤት ጨው፣ ዘይት፣ ደብተር የሚገዛው በማን ገንዘብ ነው? በሳቸው። ፕሮፋይሉ ላይ ግን ኢኮኖሚ ውስጥ የሉም። ከዚያ የወረዳው ሴቶች ግማሾቹ «ከሥራ ውጭ» ሆነው ይታተማሉ፣ የብድር አገልግሎትም ለሌላ ይታቀዳል።

«ሥራዎ ምንድን ነው» አትበሉ። «ባለፈው ሳምንት ምን ሸጡ? ምን ሠሩ? ማን አብሮዎት ሠራ?» በሉ። በተለያየ ወቅት ብትጠይቁ ደግሞ የተሻለ ነው፤ ሰኔና ጥር አንድ አይደሉም።

አማካይ መሬት፣ አማካይ በሬ

«በአማካይ አንድ አባወራ 0.9 ሄክታርና 1.3 በሬ አለው።» እሺ፣ ታዲያ ማን ማረስ ይችላል? አማካዩ ይህን አይነግራችሁም። የገጠር ኑሮ የሚለየው ጥንድ በሬ ባለው፣ አንድ ኖሮት ከጎረቤት ጋር በሚያጣምደው እና ምንም በሌለው መካከል ነው። በሬ የሌለው መሬቱን ለእኩል ይሰጣል። ካርታው ላይ ባለመሬት ነው፣ ከምርቱ የሚደርሰው ግን ግማሹ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። እማወራዎችና አረጋውያን በብዛት የሚገኙት እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ሦስቱን ምድቦች ለዩና በመቶኛ አስቀምጡ። መሬት የሌላቸውን ወጣቶችም በተለየ ረድፍ አውጡ፤ በአባታቸው ካርታ ሥር ተደብቀው አይቅሩ።

ከብቱን በጥሬው አትደምሩ። ላም 0.7፣ በግና ፍየል 0.1፣ ዶሮ 0.01፣ ግመል 1 እየተባለ በእንግሊዝኛ TLU ወደሚባለው አንድ የከብት መለኪያ ይቀየራል።

ጥማድና ጆንያ

ጥማድ በብዙ ቦታ ሩብ ሄክታር ተብሎ ይሰላል። ግን ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ነውና ተዳፋት ላይና ሜዳ ላይ አንድ አይሆንም። ጆንያውም እንደዚያው፤ በጤፍ የተሞላና በገብስ የተሞላ ጆንያ ሚዛን ላይ ሲወጡ ይለያያሉ። የቻላችሁትን ያህል መዝኑ፣ ያልመዘናችሁትን ደግሞ የተነገረ ነው ብላችሁ ጻፉ። ዓመታዊው የግብርና ናሙና ጥናት ውጤቱን የሚሰጠው በዞን ደረጃ ነው። የዞኑን ምርት ለወረዳዎቹ ብዛት አካፍሎ «የወረዳው ምርታማነት» ማለት አይቻልም።

በቅጹ ላይ የሌለውን ገቢ መርሳት

ቅጹ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ በቆሎ ይላል። ወረዳው ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። አዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ሂዱ፤ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ ይተክላል፣ በመጀመሪያው ዓመት በመካከሉ ጤፍ ያነሳል፣ ዛፉ ሲደርስ ከሰል አክስሎ ይሸጣል። የእህል ሰንጠረዡን ብቻ ያየ ሰው የዚያን ወረዳ ኑሮ አላየም። በጉራጌ፣ በሀዲያ፣ በሲዳማ እንሰት አለ። ለዓመታት መሬት ላይ ቆሞ የሚቆይ ስለሆነ «የዘንድሮ ምርት በሄክታር» የሚለው ሳጥን አይመጥነውም። ጓሮ ያለው ተክል ብዛትና ዕድሜ ይቆጠር። ባሕር ዛፍ፣ ጌሾ፣ ጫት፣ ማር፤ የየትኛው አካባቢ መተዳደሪያ ምን እንደሆነ በገበያ ቀን ጭነቱን ቆሞ ማየት ይነግራችኋል።

ከወረዳው ውጭ የሚመጣውንም እንዲሁ። ከደጋው ወደ መተማና ሁመራ ለሰሊጥ ሥራ የሚወርደው ወጣት፣ ከደቡብ ወሎ አረብ አገር የሄደችው ልጅ፣ ከሆሳዕና አካባቢ ደቡብ አፍሪካ የገባው ወንድም። ቆርቆሮው የማን ገንዘብ ነው ብላችሁ ሳትጠይቁ «የቤቶች ሁኔታ ተሻሽሏል፣ ግብርናው አድጓል» አትበሉ።

አጫጭሮቹ

የሴፍቲኔት ተጠቃሚ ቁጥር የድሃ ቁጥር አይደለም፤ ከላይ የሚወርድ ኮታ አለበት።

የሕዝብ ጥግግትን ስታሰሉ ገደሉንና ተራራውን አውጡ፤ በሚታረሰው መሬት ሲሰላ ነው ጭንቁ የሚታየው።

የእህል ዋጋ በጥርና በነሐሴ አንድ አይደለም፤ ወሩን ጻፉ። የበልግ አብቃይ ወረዳ ከሆነ ደግሞ የረሃቡ ወርም ይለያል።

60 ቤት ጠይቃችሁ «43.33 በመቶ» አትጻፉ።

ማንበብና መጻፍ ይችላል ስትሉ ከስንት ዓመት ዕድሜ በላይ ካለው ሕዝብ እንደሆነ አስቀምጡ።

ረቂቁን ቀበሌ ላይ ሳያነቡ ማሳተም

ይሄን የሚያደርግ ሰው በጣም ጥቂት ነው፤ ለምን እንደሚፈሩት አይገባኝም። የቀበሌውን ሊቀመንበር፣ የግብርና ባለሙያዋን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን፣ ሁለት ሽማግሌና ሁለት እናት ጥሩ። የቀበሌውን ገጽ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። የፈረሰ ድልድይ፣ የተዘጋ የእጅ ፓምፕ፣ ወደ ሌላ ቀበሌ የተዛወረ ጎጥ እዚያው ይታረማል። ቁጥር ሲጠሩ ፊታቸውን እዩ፤ እርስ በርስ ከተያዩ ያ ቁጥር ላይ ቆም በሉና ጠይቁ። ግማሽ ቀን ይበቃል። የገበያ ቀንና የበዓል ቀን ብቻ አይሁን።