የልጆችን የስልክ ሰዓት በፋሚሊ ሊንክ ስለመወሰን

በክረምት የጦሳ ተራራ ጉም ወደ ደሴ ሲወርድና ልጆች ከቤት መውጣት ሲያቅታቸው ስልክ ከእጃቸው አይለይም። ይህ ለሚያሳስባችሁ ወላጆች ፋሚሊ ሊንክ የተባለውን የጉግል ነፃ መተግበሪያ እንድትሞክሩ አጥብቄ እመክራለሁ። በስልካችሁ ላይ ጭናችሁ ከልጁ የጉግል አካውንት ጋር ካገናኛችሁት በኋላ፣ ልጁ የአንድሮይድ ስልኩን በቀን ለምን ያህል ጊዜ እንደሚጠቀምና ማታ መቼ እንደሚቆለፍ ከዚያው መወሰን ትችላላችሁ። ሰዓቱ ሲያልቅ ስክሪኑ ቢቆለፍም የሚደወልለትን ማንሳት ስለሚችል፣ ሰኞ ገበያ ሆናችሁ ብትደውሉ ታገኙታላችሁ።

እኔ የ11 ዓመት ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ ገደቡን አብረን ሞላነው፤ በትምህርት ቀን ለ1 ሰዓት፣ ቅዳሜና እሁድ ለ2 ሰዓት፣ ከምሽቱ 2፡30 በኋላ ዝግ። መዝገበ ቃላቱና ካልኩሌተሩ ግን ሁልጊዜ ክፍት ናቸው፤ የቤት ሥራው እንዲቋረጥበት አልፈልግምና።

የመተግበሪያው ሰዓት አቆጣጠር የፈረንጆቹ ስለሆነ ከምሽቱ 2፡30 ለማለት 20፡30 ብላችሁ መሙላት እንዳለባችሁ አትዘንጉ፤ እኔ መጀመሪያ ተሳስቼ ስልኩ ገና በቀን ተቆልፎ ልጁ አኩርፎኝ ነበር። ያደረጋችሁት ለውጥ ወደ ልጁ ስልክ የሚደርሰው ኢንተርኔት ሲኖረው ስለሆነ፣ ዳታው ሳያልቅ አስተካክሉ።