ቶንሲል ከወጣ በኋላ ጆሮ ሲያም ምን ይደረጋል?

ቶንሲል ያስወጣ ሰው ጉሮሮው እንደሚያመው ሁሉም ይጠብቃል፣ ጆሮው ሲጀምረው ግን ቤቱ ይደናገጣል፣ በተለይ ህጻን ከሆነና ሌሊት ተነስቶ ጆሮዬን ጆሮዬን እያለ ካለቀሰ። አብዛኛውን ጊዜ ጆሮው ምንም አልሆነም። ከቶንሲሉ ቦታ ስሜት የሚወስደው ነርቭ፣ ግሎሶፋሪንጂያል የሚባለው፣ ወደ መሀከለኛው ጆሮም ቅርንጫፍ አለው፤ ጉሮሮ ውስጥ ያለው ቁስል ሲያም አእምሮ ከየት እንደመጣ ይምታታበትና ጤነኛው ጆሮ ያመመ ይመስላል። ሲውጡና ሲያዛጉ የሚብሰውም ለዛ ነው።

መጀመሪያ ደህና ይመስልና ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን አካባቢ ህመሙ ጠንከር ይላል፣ ስለዚህ በ4ኛው ቀን ሲብስበት ኦፕሬሽኑ ተበላሸ እንዳትሉ። ጉሮሮው ላይ የምታዩት ነጭ ወይም ቢጫ ሽፋንም መግል አይደለም፣ ቁስሉ እየሻረ ነው፣ አፉ ቢሸትም ከዛው ነው።

ጆሮው ውስጥ ምንም አትጨምሩ። ጠብታም፣ የሞቀ ዘይትም፣ የነጭ ሽንኩርት ጭማቂም፣ ጤና አዳምም (አክስቶች ይቆጡ)። ህመሙ የሚመጣው ከጉሮሮ ስለሆነ የሚታከመውም ጉሮሮው ነው። ፓራሲታሞል፣ ሀኪሙ ከፈቀደ አይቡፕሮፌንም፣ በልጁ ኪሎ በታዘዘው ልክ ሰዓቱን ጠብቃችሁ ስጡ፣ እስኪያለቅስ አትጠብቁ፣ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ከወሰደ ደግሞ መዋጡ ይቀለዋል። ለልጆች አስፕሪን አይሰጥም፣ ኮዴይን የሚባለው የህመም ማስታገሻ ያለበትም አይሰጥም፤ የአንዳንድ ልጆች ሰውነት ኮዴይንን ቶሎ ወደ ሞርፊን እየቀየረው ትንፋሽ ስለሚያዳክም የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2013 እ.ኤ.አ. ከቶንሲል ኦፕሬሽን በኋላ ለልጆች እንዳይሰጥ ከልክሏል።

ሌላው መጠጣት ነው። ያመኛል ብሎ መዋጥ ሲያቆም ጉሮሮው ይደርቃል፣ ሲደርቅ ጆሮውም ይብስበታል፣ ጠዋት ጠዋት የሚያለቅሰውም ሌሊቱን ሳይጠጣ ስለሚያድር ነው። በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ውሃ፣ ቀዝቀዝ ያለ አጥሚት፣ እርጎ፣ ለስለስ ያለ የአልጫ ፍትፍት ስጡት። በርበሬ፣ ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ቆሎ ለጊዜው ይቅሩ። ቀዝቃዛ ፎጣ አንገቱ ላይ ማድረግም ያስታግሳል።

አዴኖይድም (ከአፍንጫ ጀርባ ያለው፣ ቶንሲል መሰሉ እጢ) አብሮ ከወጣ ጆሮው የተደፈነ ሊመስለው ይችላል፣ ከአፍንጫ ጀርባ ያለው እብጠት ሲቀንስ ይከፈታል። ከጆሮው ፈሳሽ ከወጣ፣ መስማቱ ከቀነሰና ካልተመለሰ፣ ከጆሮው ጀርባ ካበጠ፣ ትኩሳቱ ከ38.5 ካለፈ ግን ይታይ። ሽንቱ ከቀነሰም ውሃ አንሶታል ማለት ነው፣ ሀኪም ጋ ደውሉ።

ደም ሲሆን ግን ቀልድ የለም። የጉሮሮው ነጭ ሽፋን የሚላቀቅበት ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ያለው ጊዜ በተለይ ያሰጋል። ተኝቶ ሳለ ደጋግሞ ሲውጥ ካያችሁት ቀስቅሱትና አፉን በባትሪ እዩ፣ ደም እየዋጠ ሊሆን ይችላል። ደም ካለ ቀና ብሎ ይቀመጥ፣ እየተፋ እንጂ እየዋጠ አይደለም፣ ይነጋል ሳትሉ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።