ሞተሩን ከመቀየርዎ በፊት፦ አልቆለፍ ያለ የሞተርሆም ዕቃ ሣጥን

ሞተርሆም፣ ማለትም መኖሪያ ቤት ሆኖ የተሠራ ተሽከርካሪ፣ ከወለሉ በታች ግራና ቀኝ የዕቃ ሣጥኖች አሉት። በብዙዎቹ ላይ የሣጥኖቹ በሮች ሁሉ በአንድ አዝራር ይቆለፋሉ። ከየበሩ ጀርባ በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ ሞተር አለ። ከመቆጣጠሪያው፣ ማለትም ትእዛዙን ተቀብሎ ለሞተሮቹ ኤሌክትሪክ ከሚልከው መሣሪያ፣ ሁለት ሽቦ ይደርሰዋል፤ ፖዘቲቩ በአንደኛው ሲመጣ ይቆልፋል፣ በሌላኛው ሲመጣ ይከፍታል። ኤሌክትሪኩ የሚቆየው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰከንድ በታች ነው። ይህችን አጭር ቅጽበት ልብ ይበሉ፤ ሲለኩ ታስቸግራለች።

ሁሉም በሮች ዝም ሲሉ

ሁሉም ሞተሮች በአንድ ቀን አይሞቱም። ስለዚህ የጋራ የሆነውን ይፈልጉ። በርቀት መቆጣጠሪያው የማይሠራው በግድግዳው አዝራር ከሠራ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የርቀት መቆጣጠሪያዋ ክብ ባትሪ ነው። በሁለቱም ካልሠራ የተሽከርካሪውን ባትሪ ይለኩ፤ ሞልቶ ያረፈ የእርሳስ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፣ ወደ 12 ከወረደ ግን ጉልበቱ ተሟጧል። ቀጥሎ ፊውዙ ነው። የተቃጠለውን በዚያው አምፔር ይተኩት። እንደገና ከተቃጠለ የሆነ ቦታ ሽቦ ተልጦ ብረት ነክቷል ማለት ነውና፣ ትልቅ ፊውዝ አስገብቶ መገላገል ሽቦውን ራሱን ፊውዝ ማድረግ ነው።

ባትሪውም ፊውዙም ደህና ከሆኑ ጆሮዎን ወደ መቆጣጠሪያው አስጠግተው አዝራሩን ያስጫኑ። ሪሌው፣ ማለትም ውስጡ ያለው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ፣ «ጠቅ» ካለ ትእዛዙ ደርሷል፤ ችግሩ ከሪሌው እስከ ሞተሮቹ ባለው መንገድ ነው። ጠቅታ ከሌለ ወይ መብራት አልደረሰውም፣ ወይ ማሳው፣ ማለትም ከተሽከርካሪው ብረት ጋር የሚያገናኘው የመመለሻ ሽቦ፣ ተበላሽቷል። በሮቹ ሁሉ ቢንቀሳቀሱም እንደ ደከመ ሰው የሚጎተቱ ከሆነም የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ይኸው ማሳ ነው፤ በዚህ አሠራር የሁሉም ሞተሮች መመለሻ የሚያልፈው በመቆጣጠሪያው በኩል ነውና። የማሳውን ብሎን ፈትተው ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉና መልሰው ያጥብቁ።

አንዱ በር ብቻ እምቢ ሲል

ዋናው ጣጣ እዚህ ላይ ነው። ከኋላ ጎማ አጠገብ ያለ አንድ በር አልቆለፍ ብሎኝ፣ የሞተሩን ሶኬት ነቅዬ በመልቲሜትር ስለካው አዝራሩ ሲጫን 12.4 ቮልት አሳየኝ። «መብራቱማ ይመጣል» ብዬ አዲስ ሞተር ገዛሁ። አዲሱም ዝም አለ። ሁለተኛ ሞተር ብገዛም ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነበር። በመጨረሻ ሽቦውን ጎማው ጭቃ የሚረጭበት ቦታ ላይ ስቤ ባየው፣ መጋጠሚያው በአረንጓዴ ዱቄት ተሞልቶ ነበር፤ ፕላስቲኩን ስልጠው ከመዳቡ ክሮች ያልተበላው አንድ ክር ብቻ ነበር።

መልቲሜትር አይዋሽም፣ ግን የጠየቁትን ብቻ ይመልሳል። ራሱ የሚስበው ኤሌክትሪክ ከምንም የማይቆጠር በመሆኑ በአንዲት ክርም ሙሉ ቮልት ያያል። ሞተሩ ግን ሲነሣ ጥቂት አምፔር ይፈልጋል፤ ያንን ያ የተበላ መጋጠሚያ አያሳልፍም። ስለዚህ የሚለካው ሸክም ላይ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚስብ ነገር ተገናኝቶ ነው። ለዚህ ከሁሉም የሚሻለው 21 ዋት የፍሬን አምፖል ነው፤ ወደ 1.75 አምፔር ይስባል፣ የዲጂታል ቁጥር ሁልጊዜ የማይደርስባትን አጭር ቅጽበትም ዐይን ያያታል።

አምፖሉን በሶኬቱ ሁለት ሽቦዎች መካከል ያገናኙና ረዳትዎ ይቆልፍ፣ ይክፈት። በሁለቱም ጊዜ ቦግ ካለ ሽቦው ደህና ነው፤ ሞተሩን ይጠርጥሩ። ፈዘዝ ካለ መጋጠሚያው ተበልቷል። ጭራሽ ካልበራ የአምፖሉን አንድ ጫፍ ንጹሕ የሻንሲ ብረት ላይ አድርገው ሽቦዎቹን በየተራ ይሞክሩ። አንደኛው ሲቆለፍ፣ ሌላኛው ሲከፈት ሊያበራ ይገባል። በሁለቱም ትእዛዝ ዝም ያለው የተቆረጠው ነው፤ መቆጣጠሪያው ድረስ ይከተሉት።

ሞተሩን ለብቻው ለመፈተሽ አውጥተው ከባትሪ በ10 አምፔር ፊውዝ በኩል በሁለት ሽቦ ነካ ያድርጉት፣ ከዚያ ገልብጠው ይድገሙ። ነካ ብቻ፤ ከሰከንድ በላይ ከያዙት ይግላል። ሣጥኑ የጋዝ ሲሊንደር ወይም ባትሪ ያለበት ከሆነ ሙከራውን ራቅ ብለው ያድርጉ፤ የሽቦ ብልጭታና ጋዝ አይዋደዱም።

ይቆልፋል፣ አይከፍትም

በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ በሁሉም በሮች ላይ ከታየ ከመቆጣጠሪያው ሪሌዎች አንዱ ሳይበላሽ አይቀርም። በአንድ በር ላይ ብቻ ከሆነ ግን መጀመሪያ ካቻቢቴውን ያስቀምጡና በሩን በመዳፍዎ ወደ ውስጥ ገፍተው አዝራሩን ያስጫኑ። ከተከፈተ ጉዳዩ የኤሌክትሪክ አይደለም፤ የበሩ ማሸጊያ ጎማ የመቆለፊያውን ምላስ አጥብቆ ይዞታል። ምላሱ የሚገባበትን መያዣ ትንሽ ማንቀሳቀስ ይበቃል።

አንዳንዴ የሚሠራ፣ አንዳንዴ የማይሠራ

መንገድ ላይ ወይም በሩ በተወሰነ ማዕዘን ሲቆም ብቻ የሚጠፋ ከሆነ፣ ማጠፊያው አጠገብ ሽቦው ልባሱ ውስጥ ተሰብሯል። አዝራሩ እየተጫነ ሽቦውን እያጠፉ ይፈልጉት። ከዝናብ በኋላ ብቻ ከሆነ ሶኬቱ ውሃ ገብቶበታል። በሮቹ ያለ ትእዛዝ ከተቆለፉ ደግሞ ትእዛዝ የሚልከው ማብሪያ ረጥቧል፤ ነቅለው ካሳረፉት በኋላ ካቆመ እሱ ነው።

ጥገናው

ፊውዙን ይንቀሉ። የተበላውን ሽቦ መዳቡ ቀይ ሆኖ እስኪያበራ ድረስ ይቁረጡ፤ ጥቁር መዳብ ላይ የተሠራ መጋጠሚያ ጥቂት ወር አይቆይም። ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል አይሆንም። በፒንሳ የሚጨመቅ መጋጠሚያ ያድርጉ፣ በላዩም ውስጡ ሙጫ ያለው በሙቀት የሚጠብ ቱቦ ያልብሱት። ሶኬቱን አፉን ወደ ታች አድርገው አስረው ያስቀምጡት፤ ሽቦውም ወደ ሶኬቱ ከመግባቱ በፊት ዝቅ ብሎ ይዙር፣ የሚወርደው ውሃ ከታች ጫፉ ላይ ተንጠባጥቦ እንዲቀር። የእጅ ቁልፉ ደግሞ ከሾፌሩ አጠገብ ይቀመጥ፤ እኔ የራሴን ያገኘሁት ከተቆለፈው ሣጥን ውስጥ ነው።