ማሞቂያው እጀታ ለምን አልሞቀም?

ለሞተር ሳይክሌ በባትሪ የሚሞቅ የመሪ እጀታ ገጠምኩ ስል የሚስቅብኝ ሰው አይጠፋም። «በዚህ ፀሐይ?» ይላል። ይህ ሰው በታህሳስ ማለዳ በአምባ ጊዮርጊስ በኩል ሞተር ነድቶ አያውቅም። ጎንደር ራሷ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከፒያሳ ስትነሱ ጃኬት ይበቃችኋል። ኮሶዬን አልፋችሁ ወደ ዳባት ስትጠጉ ጣት መቆፈን ይጀምራል። ደባርቅ ስትደርሱ ፍሪሲዮኑን የምትይዙት በጣት ሳይሆን በመዳፍ ነው። ሰሜን ተራሮች ውስጥ ያለው ጨነቅ ደግሞ ከ3,600 ሜትር በላይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ እየቀነሰ ሲሄድ ከጎንደር በ10 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ንፋሱን ገና አልቆጠርኩም።

የራሴንም የጓደኞቼንም ሞተር ላይ ገጥሜያለሁ። አልሠራ ብሎም ደጋግሜ ፈትቻለሁ። እስካሁን እጀታው ራሱ ተበላሽቶ ያገኘሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ወይ ሽቦ ነው፣ ወይ ኔጌቲቭ ነው፣ ወይ የኔ ችኮላ ነው። ስለዚህ አዲስ እጀታ ለመግዛት አትሩጡ፤ መጀመሪያ ለኩ።

አንድ ነገር ይያዝልኝ። ጥንዱ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ከ3 እስከ 4 አምፔር ይወስዳል፤ በዋት 40 አካባቢ ማለት ነው። ለስልክ ቻርጀር የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ይህን አይችልም። እኔ የምገጥመው እንዲህ ነው፦ ከባትሪው ፖዘቲቭ ተነስቼ አንድ ስንዝር ሳልርቅ ፊውዝ አስገባለሁ። ከዚያ ሪሌው (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ ነው) ላይ 30 ተብሎ ወደተጻፈበት እግር ይገባል፤ ከ87 ወጥቶ ወደ እጀታው መቆጣጠሪያ ይሄዳል። 86 ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ ሽቦ ጋር ይያያዛል፤ የኋላ መብራቱ ሽቦ ጥሩ ነው። 85 ኔጌቲቭ ነው። የመቆጣጠሪያው ኔጌቲቭ ደግሞ በቀጥታ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ይመለስ፤ የተቀባ ብሎን ላይ አትሰሩት።

ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ አይመለስም

ይህን መጀመሪያ ያመጣሁት ሌላው ችግር ብርድ ነው፣ ይህ ግን ገደል ስለሆነ ነው። ሊማሊሞን እየወረዳችሁ፣ ጥምዝዙ ላይ ነዳጁን ለቅቃችሁት ሞተሩ እየጎተተ ሲሄድ አስቡት።

መንስኤው ብዙ ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው። አንደኛው እጀታው ወደ ውስጥ በጣም ተገፍቶ የማብሪያ ማጥፊያውን ቤት ሲነካ ነው። ወደ ውጭ ሳቡት፤ በሁለቱም ጫፍ 2 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ይኑር። ሁለተኛው ማጣበቂያ ነው። ሰው ማስቲሽ ሲያገኝ እጁ አይሰስትም፤ የተረፈው ወደ ውስጥ ፈስሶ የፕላስቲኩን ቱቦ ከመሪው ብረት ጋር ያጣብቀዋል። ያኔ መፍታትና ማጽዳት ግድ ነው። ሦስተኛው ከቀኝ እጀታ የሚወጣው ሽቦ አጭር ሆኖ ሲጎትት፣ ወይም ነዳጅ ሲሰጥ ከፍሬኑ ጋር ሲጋጭ ነው። ሽቦው ቀለበት የሚሠራበት ትርፍ ተዉለት።

ሞተሩን ሳታስነሱ መሪውን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ አዙሩ፣ ነዳጁን ከፍታችሁ ልቀቁት። ቀጭ ብሎ መመለስ አለበት። መሃል ላይ ድገሙት፣ ቀኝ ላይም ድገሙት። ሞተሩ ተነስቶ መሪ ስታዞሩ ድምፁ ከፍ የሚል ከሆነ ደግሞ አዲሱን ሽቦ ከነዳጁ ኬብል ጋር አስራችሁታል፤ ኬብል ታዩን ቁረጡና በሌላ መስመር አሳልፉት።

በነገራችን ላይ እጀታው አልገባ ካለ በመዶሻ አትምቱት። የብዙ ሞተሮች የነዳጅ ቱቦ ላይ የወጡ የፕላስቲክ ጠርዞች አሉ፤ የቀድሞውን ጎማ የሚይዙት እነሱ ናቸው። በሞረድ ቀስ እያላችሁ አስተካክሉ፣ እየሞከራችሁ። አንዴ የተበላሸ እጀታ አገኘሁ ያልኳችሁ የተመታ ነበር።

የመቆጣጠሪያው መብራትም አይበራ፣ እጀታውም አይሞቅ

መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉ። ጥቁሩን ጫፍ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር አገናኙ፤ ቀዩን ይዛችሁ ከባትሪው ወደ እጀታው ተጓዙ። ባትሪው ላይ 12.6 አለ እንበል። ከፊውዙ በኋላስ? ሪሌው 30 ላይስ? ቁልፉ ተከፍቶ 87 ላይስ? ቮልቱ የጠፋበት ቦታ ነው የናንተ ችግር። 30 ላይ ኖሮ 87 ላይ ከሌለ፣ 86 ላይ ለኩ። እዚያ ካለ ወይ 85 ኔጌቲቭ አላገኘም፣ ወይ ሪሌው ሞቷል። እስከ መቆጣጠሪያው ድረስ ካለና አሁንም ዝም ካለ፣ ኔጌቲቩን ጠርጥሩ።

የሽቦ ቀለም አትመኑ። እኔ በያማሃ ነው ያደግኩት፤ ጥቁር ኔጌቲቭ፣ ቡናማ ደግሞ ቁልፍ ሲከፈት የሚመጣ ፖዘቲቭ ነው። ከዚያ አንድ ሆንዳ ላይ የመጀመሪያዬን ማሞቂያ ገጠምኩ፤ ያኔ ሪሌ የሚባል ነገር አላውቅም፣ ፖዘቲቩን በቀጥታ ከባትሪ፣ ኔጌቲቩን ከጥቁሩ ሽቦ። ቁልፍ ስከፍት ምንም የለም። ቁልፍ ስዘጋ የመቆጣጠሪያዋ መብራት ፈዘዝ ብላ ትበራለች! አስማት መሰለኝ። አዘዞ ወዳለ አንድ አንጋፋ ባለሙያ ወሰድኩት።

«ጋሼ፣ ጥቁሩ ኔጌቲቭ አይደለም እንዴ?»

«እዚህ ላይ አይደለም ልጄ። አረንጓዴው ነው።»

እውነትም ሆንዳ ላይ አረንጓዴው ኔጌቲቭ ነው፤ ጥቁሩ ቁልፍ ሲከፈት 12 ቮልት የሚያገኘው ነው። ቁልፉ ሲከፈት ሁለቱም ጫፍ ፖዘቲቭ ሆነው ነበር። ሲዘጋ ደግሞ ጥቁሩ በሞተሩ መብራቶች በኩል ዞሮ ኔጌቲቭ ያገኛል፤ የፈዘዘችው ለዚህ ነው። ሱዙኪ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ መስመር ያለበትን ጥቁር ለኔጌቲቭ፣ ብርቱካናማውን ለፖዘቲቭ ይጠቀማል። ያም ሆነ ይህ ከመቁረጣችሁ በፊት ለኩ፤ ከናንተ በፊት የነካካው ሰው ምን እንዳደረገ አታውቁም።

መብራቱ ይበራል፣ ሙቀቱ ግን ለብ ያለ ነው

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ ተነስቶ፣ ማሞቂያው በሙሉ ኃይል እየሠራ፣ ባትሪው ላይ ለኩ። ከዚያ መቆጣጠሪያው መግቢያ ላይ ለኩ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት በላይ ከሆነ ሙቀታችሁ መንገድ ላይ እየቀረ ነው። ማሞቂያው ሳይበራ ብትለኩ ቁጥሩ ቆንጆ ሆኖ ይታያል፤ አትታለሉ። ሽቦ የሚፈተነው ጭነት ሲኖርበት ነው።

ለምሳሌ 0.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ደርሶ መልስ 4 ሜትር ከሆነ፣ በ3.5 አምፔር ግማሽ ቮልት ያህል ይበላል። 1.5 ካሬ ብታደርጉት ኪሳራው ወደ ሲሶው ይወርዳል። ከሽቦው የባሰው ግን መጋጠሚያው ነው። ሁለት ሽቦ ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል የሁላችንም በሽታ ነው። ናስትሮው በፀሐይ ይለሰልሳል፣ ይንሸራተታል፣ መዳቡ ይጠቁራል። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለውን ስፈታ መዳቡ ወደ አረንጓዴ ዱቄት ተለውጦ ጣቴ ላይ ቀረ። በማያያዣ በደንብ ጨምቁት፣ ወይም ሶልደር አድርጋችሁ በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ አልብሱት። ሶልደር የተደረገው ቦታ ግን መሪው ሲዞር የሚታጠፍበት ላይ አይዋል፤ ይሰበራል።

የተቀባ ብረት ላይ የታሰረ ኔጌቲቭም ያው ነው። ቀለሙን እስከ ብረቱ ፋቁት፣ ወይም እንዳልኩት ወደ ባትሪው መልሱት።

ቮልቱ ልክ ሆኖ እጃችሁ አሁንም የሚቀዘቅዝ ከሆነ ጉዳዩ ኤሌክትሪክ አይደለም። ማሞቂያው መዳፍን ነው የሚያሞቀው፤ ንፋሱ የጣትን ጀርባ ይወስደዋል። የእጅ መከላከያ ፕላስቲክ ግጠሙ፤ ለውጡን ታያላችሁ። በጣም ወፍራም ጓንትም ሙቀቱን ያግዳል፤ መዳፉ ሳሳ ያለ ይሻላል።

አንዱ ብቻ ይሞቃል

የሁለቱን ሶኬት ነቅላችሁ የእያንዳንዱን እጀታ ኦም (ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚያግድ) ለኩ። ሁለቱ ጎን ለጎን በተያያዙበት አሠራር እያንዳንዳቸው 7 ኦም አካባቢ ይኖራቸዋል፤ ከዚያ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ችግር የለውም። ምንም የማያነብ ከሆነ ውስጡ ተቆርጧል። የሚቆረጠው አብዛኛውን ጊዜ ቀኙ ነው፤ ነዳጅ በሰጣችሁ ቁጥር ሽቦው ይታጠፋል፣ በቀን ስንቴ እንደሆነ እናንተው ቁጠሩት። ከላይ ጎማው ደህና ይመስላል፣ ውስጡ መዳቡ ተበጥሷል። ሽቦው ከእጀታው በሚወጣበት ቦታ በጣት እያወዛወዛችሁ ለኩት፤ ቁጥሩ ሲመጣና ሲሄድ ታያላችሁ።

ኦማቸው ደህና ሆኖ ግራው ቀዝቀዝ የሚል ከሆነ ተፈጥሮ ነው። ቀኙ ያረፈው ፕላስቲክ ላይ ነው። ግራው ብረት ላይ ነው፤ ብረቱ ሙቀቱን ይጠጣዋል። በጎማው ሥር የሚጠቀለለውን ዓይነት የገጠማችሁ ከሆነ ደግሞ ግራና ቀኙን አቀያይራችሁ እንደሆነ እዩ፤ አንዳንዶቹ ለግራ ጠንከር ያለውን ነው የሚሠሩት።

ፊውዝ እየደጋገመ ይቃጠላል

ትልቅ ፊውዝ አታስገቡ። የሲጋራ ወረቀት የሚጠቀልልማ አለ፤ እሱን ተዉት። ፊውዙን አውጡ፣ ማሞቂያውን ከሶኬቱ ንቀሉ፣ በፖዘቲቩ ሽቦና በሞተሩ ብረት መካከል ኦም ለኩ። ግንኙነት መኖር የለበትም። አሁን አንድ ሰው መሪውን ግራና ቀኝ ያዙርላችሁ። ቁጥሩ ከዘለለ ሽቦው መሪው አንገት ጋ ተልጧል። ቀዳዳውን ፈልጋችሁ አልብሱት፣ መስመሩንም ቀይሩ። በክረምት ብቻ የሚቃጠል ወይም የሚቋረጥ ከሆነ ግን ሶኬቱ ውሃ እየጠጣ ነው፤ አፉን ወደ ታች አዙራችሁ አድርቁትና ቫዝሊን ቀቡት።

ጠዋት ባትሪው ሞቶ ይገኛል

አንድ ጓደኛዬ በጥምቀት ዋዜማ ሞተሩን አቁሞ ገባ። ማለዳ ወደ ጥምቀተ ባህሩ ሊሄድ ቁልፍ ሲከፍት ድምፅ የለም።  ማሞቂያውን በቀጥታ ከባትሪ አገናኝቶት፣ ማጥፋት ረስቷል። 3.5 አምፔር እየተወሰደበት የ10 አምፔር ሰዓት ባትሪ ሦስት ሰዓት ነው የሚቆየው። መድኃኒቱ ከላይ ያልኩት ሪሌ ነው፤ ቁልፍ ሲዘጋ ሁሉም ይዘጋል። ሪሌ ኖሮም ባትሪው የሚሞት ከሆነ፣ ሞተሩ ተነስቶ 13.5 እና 14.5 መካከል መሙላቱን እዩ። ተጨማሪ የፊት መብራት ካላችሁና በአንደኛ ማርሽ ቀስ እያላችሁ ዳገት የምትወጡ ከሆነ፣ ጄኔሬተሩ ለሁሉም ላይበቃ ይችላል፤ ማሞቂያውን ዝቅ አድርጉት። አንዳንድ መቆጣጠሪያ ቮልት ሲወርድ ራሱን ያጠፋል፤ ያ ብልሽት ሳይሆን ባትሪያችሁን እየጠበቀላችሁ ነው።

መንገድ ላይ ሆናችሁ መልቲሜትር ከሌላችሁ

ሳንቃበር ላይ መልቲሜትር ከየት ይመጣል። የፍሬቻውን አምፖል አውጡ፤ ኤልኢዲ መሆን የለበትም። ሁለት ሽቦ አስሩለት፣ አንዱን ጫፍ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር አገናኙ፣ በሌላው ፖዘቲቩን እየተከተላችሁ ንኩ። ባለ 21 ዋቱ 2 አምፔር ሊጠጋ ምንም አይቀረው፤ ስለዚህ መልቲሜትሩ «12 ቮልት አለ» ብሎ የሚያልፈውን የላላ መጋጠሚያ እሱ ያጋልጠዋል። ባትሪው ላይ ቦግ ብሎ፣ መጋጠሚያው ጋ ሲደርስ ከደበዘዘ፣ ናስትሮውን እዚያ ላይ ፍቱት።