«ፕሌት» ሁሌ ሳህን አይደለም፦ ችግርና መፍትሄ

አሜሪካ በመጣሁ ሰሞን የተከራየሁት ክፍል በር ላይ «ሆት ፕሌት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ትኩስ ሳህን ምን አደረጋቸው እያልኩ ስንት ቀን ወጤን አቀዝቅዤ በላሁ! ለካ የከለከሉት በሶኬት የምትሰራውን ትንሿን ስቶቭ ነው። እሳት ፈርተው።

የጣጣው ምንጭ ይሄ ነው። ቃሉ «ሰፊ፣ ጠፍጣፋ» ከሚል የግሪክ ቃል በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ነው። እንግሊዝኛ ጠፍጣፋ ነገር ባየ ቁጥር ፕሌት ይላል። እኛ ግን ሳህን፣ ታርጋ፣ ላሜራ፣ ቅብ እያልን ለየብቻ ነው የምንጠራው። እኔ የገጠሙኝንና ሰው ሲቸገርባቸው ያየኋቸውን ልንገራችሁ።

ምልክት፦ መኪናችሁን ሸጣችሁ ኢንሹራንሱን አቋረጣችሁ። ከዚያ «ፕሌቱን አልመለስክም» የሚል የቅጣት ደብዳቤ መጣ።

መንስኤ፦ ታርጋ ነው። ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት ሜሪላንድ ታርጋ የሚከተለው ባለቤቱን እንጂ መኪናውን አይደለም። ታርጋው ሳይመለስ ኢንሹራንስ ከተቋረጠ ያስቀጣል፤ ቅጣቱም ቀን በቆጠረ ቁጥር ይጨምራል። ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ እዚያ ብዙ ሰው ፕሌት ሳይሆን «ታግ» ማለቱ ነው። የኛው «ታርጋ»ም ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ እሱም ያው ጠፍጣፋ ሰሌዳ ማለት ነው።

መፍትሄ፦ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። ታርጋውን ፍቱ፣ መልሱ፣ ደረሰኝ ያዙ። ወይም ወደ ሌላ መኪናችሁ አዛውሩት። ኢንሹራንስ የሚሰረዘው መጨረሻ ላይ ነው።

ምልክት፦ «ወርቅ» ብላችሁ የገዛችሁት ቀለበት ጣታችሁን አረንጓዴ አደረገው።

መንስኤ፦ «ጎልድ ፕሌትድ» የወርቅ ቅብ ነው። ላዩ ስስ ወርቅ፣ ውስጡ ብዙ ጊዜ መዳብ ያለበት ብረት። ቅቡ ሲለቅ መዳቡ ከላብ ጋር ይገናኛል።

መፍትሄ፦ ከመክፈላችሁ በፊት ማህተሙን በማጉያ እዩ። ባለ 18 ካራት ወርቅ 750፣ ባለ 21 ካራት 875 ይላል። ከካራቱ ቁጥር ኋላ «ጂፒ» የሚሉትን ሁለት ፊደላት ካያችሁ ቅብ ነው። ቅብ መግዛት ነውር የለውም፤ በወርቅ ዋጋ መግዛት ነው ነውሩ።

ጂም ውስጥ «ቱ ፕሌትስ አነሳለሁ» የሚል ጎረምሳ ከሰማችሁ ዘንጉ ላይ የሚሰካው ክብ ብረት ሁለት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በያንዳንዱ ጎን ሁለት ሁለት ማለቱ ነው። አሜሪካ ውስጥ አንዱ ብረት 45 ፓውንድ፣ ዘንጉም 45 ፓውንድ ነው፤ ሲደመር 225፣ ወደ 102 ኪሎ ይጠጋል። እልህ ይዟችሁ ብቻችሁን ከስሩ እንዳትገቡ።

ምልክት፦ የትርጉም መተግበሪያው «የአረቢያ ሳህን ከአፍሪካ እየራቀ ነው» አላችሁ።

መንስኤ፦ የመሬት ቅርፊት ታላላቅ ቁራጮችም በእንግሊዝኛ ፕሌት ናቸው። ሦስቱ፣ ኑቢያ፣ ሶማሊያና አረቢያ፣ የሚገናኙት እኛው አፋር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እዚያው አፋር፣ ዳባሁ በሚባለው እሳተ ገሞራ አካባቢ ወደ 60 ኪሎ ሜትር የሚሆን ስንጥቅ በቀናት ውስጥ ተከፍቷል፤ ሰፊው ቦታ ላይ ምድሪቱ 8 ሜትር ያህል ተራርቃለች። ይሄን በሳህን መግለጽ ትንሽ ያሳፍራል።

መፍትሄ፦ «ቴክቶኒክ ፕሌት» ብላችሁ እንዳለ ጻፉት። ማብራራት ካስፈለገ «የምድር ቅርፊት ንጣፍ» በቂ ነው።

አለቃችሁ «ፕሌቴ ሞልቷል» ቢል ጠግቦ አይደለም፣ ሥራ በዝቶበት ነው። የሠርግ አዳራሽ «በፕሌት ይሄን ያህል» ካለ ሒሳቡ በሰው ነው።

አጥንት ሐኪም «ፕሌት እናስገባለን» ካለ ደግሞ ስብራቱን በብሎን የሚይዝ ስስ ብረት ነው። ለእናታችሁ በስልክ ስትነግሩ «ብረት» በሉ። አንድ ጓደኛዬ «ሳህን» ብሎ ተርጉሞላቸው፣ እናቱ እስከ ዛሬ «የሸክላ ነው የብረት?» እያሉ ይጠይቁታል።