ቫይታሚን ዲ እና የአረጋውያን የመገጣጠሚያ ሕመም፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

«ጉልበቴን የሚያመኝ ቫይታሚን ዲ አንሶኝ ነው።» በዕድሜ ከገፉ ታካሚዎቼ የዚህን ያህል ደጋግሜ የምሰማው ነገር የለም። አብዛኛውን ጊዜ ልጆቻቸው ናቸው የላብራቶሪ ወረቀቱን ዘርግተው ከቁጥሩ አጠገብ ያለችውን ወደ ታች የምታመለክት ቀስት የሚያሳዩኝ። አዎ፣ ቁጥሩ አንሶ ሊሆን ይችላል። ግን ቁጥሩ አነሰ ማለት የሕመሙ ምክንያት ተገኘ ማለት አይደለም። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ የሚያበሳጨኝም እሱ ነው።

ዕድሜ ሲገፋ ቆዳችን ከፀሐይ ቫይታሚን ዲ የመሥራት አቅሙ ይቀንሳል። ዕድሜ ሲገፋ የጉልበትና የዳሌ ካርቲሌጅም (መገጣጠሚያ ውስጥ የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ሽፋን) ይሳሳል። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ስለተገናኙ አንዱ ሌላውን አመጣው አይባልም። የተገላቢጦሽም ይሆናል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ከቤት አይወጣም፤ ካልወጣ ፀሐይ አያገኝም፤ ፀሐይ ካላገኘ ቁጥሩ ይወርዳል።

ጉዳዩ በጥናትም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የወጣ ጥናት የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ (ካርቲሌጁ እየሳሳ የሚመጣ የመገጣጠሚያ በሽታ) ላለባቸው ሰዎች ለ2 ዓመት ቫይታሚን ዲ ሰጠ። ሕመማቸውም ሆነ የካርቲሌጃቸው መሳሳት መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ከወሰዱት ሰዎች አልተሻለም። በ2016 የወጣው የአውስትራሊያ ጥናት ደግሞ ሆን ብሎ ቫይታሚን ዲ ያነሳቸውን መረጠ። በየወሩ 50,000 ዩኒት ለ2 ዓመት ሰጣቸው። እዚያም አሳማኝ ልዩነት አልታየም።

«ቢወስዱት ምን ይጎዳል?» ትሉኝ ይሆናል። የሚጎዳው የሚባክነው ጊዜ ነው። ኪኒኑ እስኪሠራ እየተባለ ወራት ያልፋሉ። የጭን ጡንቻን የሚያጠነክረው እንቅስቃሴ አይጀመርም፤ ለታመመ ጉልበት ከምናውቃቸው ሕክምናዎች አንዱ ግን እሱ ነው። ከዚህ የከፋም አይቻለሁ። አንዲት እናት ጠዋት ጠዋት ሁለቱም ትከሻቸውና ዳሌያቸው ድርቅ ይልባቸው ነበር። እጃቸውን ማንሳት ስላቃታቸው ፀጉራቸውን የምታበጥርላቸው ልጃቸው ነበረች። ቫይታሚን ዲ አንሷል ተብሎ ለወራት እሱን ብቻ ሲወስዱ ቆዩ። እኔ ዘንድ ሲመጡ ምግብ ሲያኝኩ መንጋጋቸውን እንደሚያማቸው፣ ጆሮ ግንዳቸው አካባቢም አዲስ ራስ ምታት እንደጀመራቸው እግረ መንገዳቸውን ነገሩኝ። ይህ የደም ሥር ብግነት ምልክት ነው፤ ካልታከመ ዓይን ሊያሳውር ይችላል። ሕክምናቸው በዚያው ቀን ተጀመረ። ቫይታሚን ዲያቸው በእርግጥም ዝቅ ያለ ነበር፤ በሽታቸው ግን እሱ አልነበረም።

ይህን ሲሰሙ «ቫይታሚን ዲ ከንቱ ነው» ብለው እርግፍ አድርገው የሚተዉትም ይሳሳታሉ። በጣም ሲያንስ በእርግጥ ያማል። የሚያመው ግን አጥንቱና ጡንቻው ነው። ሕመምተኛው «ሰውነቴን ሁሉ ያመኛል» ይላል እንጂ በጣቱ አንድ ቦታ ነክቶ አያሳይም። የቅልጥሙን አጥንት በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ይሸሻል። እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ከወንበር ተነሣ ስለው ያቅተዋል፤ ደረጃ መውጣትም ይከብደዋል። ኦስቲዮማላሲያ ይባላል፤ አጥንቱ በቂ ማዕድን አጥቶ ሲለሰልስ ማለት ነው። ለዚህ ሰው ቫይታሚን ዲ ዋና መድኃኒቱ ነው፣ ምንም እንኳ ሙሉ ለውጥ ለማየት ወራት ቢፈጅም። ካልሲየሙ፣ ፎስፌቱና ኩላሊቱም አብረው መታየት አለባቸው።

መለኪያውን ሳያዩ ቁጥሩን ብቻ ማንበብም የተለመደ ነው። አንዳንዱ ላብራቶሪ ናኖግራም በሚሊ ሊትር ይጽፋል፣ ሌላው ናኖሞል በሊትር። 20 ናኖግራም ማለት 50 ናኖሞል ነው። የሆነ ቦታ «30 ጥሩ ነው» የሚል ያነበበ ሰው የራሱን 30 አይቶ ተረጋግቶ ይቀመጣል። የእሱ 30 ግን ናኖሞል ከሆነ 12 ናኖግራም ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ እውነተኛ እጥረት ነው።

በአንድ ጊዜ ብዙ መውሰድን በተመለከተ ግን ቆም በሉልኝ። «አነሰ ከተባለ በብዙ ልሙላው» የሚለው ሐሳብ አረጋውያንን ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሴቶች በዓመት አንድ ጊዜ 500,000 ዩኒት ሰጠ። የታሰበው አጥንት ስብራትን ለመቀነስ ነበር። መድኃኒቱን የወሰዱት ግን ካልወሰዱት ይበልጥ ወደቁ፣ ይበልጥም ተሰበሩ። ከ70 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው በቀን የሚመከረው 800 ዩኒት ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ በቀን ከ4,000 አይለፉ። ሲበዛ ደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ከፍ ያደርጋል፦ ውሃ ጥም፣ ሽንት መብዛት፣ የሆድ ድርቀት፣ ማቅለሽለሽ፣ የኩላሊት ጠጠር፣ በአረጋውያን ላይ ደግሞ ግራ መጋባት። ልጆች «እማዬ መርሳት ጀመረች» ብለው ሲያመጧቸው ከምጠይቃቸው ነገሮች አንዱ የሚወስዱት ቫይታሚን መጠን ነው።

በመስኮት መስታወት በኩል ፀሐይ መሞቅ ቫይታሚን ዲ አይሰጥም፤ የሚፈለገውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። ኪኒኑን በባዶ ሆድ አይውሰዱት፤ ቅባት ካለው ምግብ ጋር የተሻለ ይሰርጻል። በጀመሩ በ2 ሳምንት ተመልሶ መመርመርም ገንዘብ ማባከን ነው፤ ቁጥሩ እስኪረጋጋ ወደ 3 ወር ይጠብቁ።

የሚወስዱትን ሁሉ በፌስታል ይዘው ይምጡ። «ለአጥንት»፣ «ለጉልበት»፣ «ለጎልማሶች» የሚሉ ሦስት ጠርሙሶች ውስጥ ሦስቱም ቫይታሚን ዲ ይኖራቸዋል፤ ደምሮ የሚያይ ሰው የለም። እንደ ፌኒቶይን ያሉ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲንና የብግነት መድኃኒቱ ፕሬድኒሶሎን ቫይታሚን ዲን ያዳክማሉ። የልብ መድኃኒቱን ዲጎክሲን ለሚወስዱ ደግሞ የካልሲየም ከፍ ማለት አደገኛ ነው።

አንድ መገጣጠሚያ ብቻ በድንገት ካበጠ፣ ከቀላና ከጋለ፣ በተለይ ትኩሳት ካለ፣ የቫይታሚን ምርመራ ውጤት አይጠብቁ። መገጣጠሚያው ውስጥ ኢንፌክሽን ገብቶ ከሆነ በቀናት ውስጥ ያበላሸዋል። በዚያው ዕለት ሐኪም ቤት ይሂዱ።