«እድሜ ነው» እያልን የምንሠራቸው ስህተቶች

ጉልበት ሲያም «እድሜ ነው»። ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ሲል «እድሜ ነው»። እድሜ ድርሻ የለውም አልልም፤ ግን ብዙ ጊዜ ልማዳችን ባጠፋው እድሜ ነው የሚከሰሰው። የመጀመሪያው ስህተትም ይኸው ነው። «ደከመኝ» የሚል ሰው ደም ማነስ፣ ስኳር ወይም የታይሮይድ ችግር ሊኖርበት ይችላል። ሳይመረመር በምን ይታወቃል?

ሁለተኛው ከሁሉም ይበልጥ ያናድደኛል፤ ምክንያቱም በፍቅር ነው የሚደረገው። እናት 60 ሲሞላት ልጆች «እማዬ፣ አንቺ አትነሺ፣ ቁጭ በይ» ይጀምራሉ። ገበያ አትሂጂ፣ ዕቃ አታንሺ፣ ቡናውን እኛ እናፈላለን። ክብር መሆኑ ገብቶኛል። ግን ጡንቻ ከ30ዎቹ እድሜ ጀምሮ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፣ ከ60 በኋላ ደግሞ ይፈጥናል፤ ካልሠራ ደግሞ ጭራሽ ይብስበታል። እጅን ሳይደገፉ ከበርጩማ ብድግ ማለት ራሱ ለእግር ስፖርት ነው፣ እኛ ግን በርጩማውን ወስደን ሶፋ ውስጥ እንቀብራቸዋለን። ውጭ አገር የልጅ ልጅ ልታሳድግ የሄደች እናትማ የባሰ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ አፓርታማ ውስጥ፣ ፀሐይ የለ፣ እርምጃ የለ፣ መውጫዋ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ብቻ፣ እሱም በመኪና። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃን የመሰለ እንቅስቃሴ፣ በዚያ ላይ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። ከ65 በላይ ለሆኑት ደግሞ በሳምንት 3 ቀን ሚዛን የሚያስጠብቅ እንቅስቃሴ ጨምሮበታል፣ እንዳይወድቁ። በዚያ እድሜ የዳሌ ስብራት ቀላል ነገር አይደለም።

ጨው ላይ ራሳችንን እንሸውዳለን። «እኔ ጨው አላበዛም» የሚለው ሰው ጠረጴዛ ላይ ያለውን ጨው ብቻ ነው የሚቆጥረው። ብዙ ቤት በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። በዚያ በርበሬ ወጥ ሲሠራ እንደገና ይጨመራል፣ ሚጥሚጣው ሲመጣ ለሦስተኛ ጊዜ። በቀን የሚመከረው ከ5 ግራም በታች ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም፣ ያውም ከየትም የገባው ተደምሮ።

የጾም ምግቡን አልወቅስም፣ ምስርና ሽሮ ጥሩ ፕሮቲን አላቸው። ስህተቱ ልኩ ላይ ነው፤ ሁለት እንጀራ በጥቂት ወጥ። ሰውነት «ፕሮቲን አይቀነስብኝ» የሚለው እድሜ ሲገፋ ነው፣ ስለዚህ እንጀራው ቀንሶ ወጡ ይብዛ። ስኳር ያለበትና መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ዐቢይ ጾምም ሆነ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ያናግር፤ እስኪያዞረው መጠበቅ የለበትም።

የግፊት ኪኒን ማቋረጥ! «ራስ ምታቱ ተወኝ፣ ድኛለሁ» ይላሉ። ደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት የለውም። የወረደውም ኪኒኑ ስላለ ነው። ሲቆም ተመልሶ ይወጣል፣ ሰውየው ምንም ሳይሰማው ኩላሊቱንና ልቡን ይጎዳል፣ አንዳንዱ ግፊቱ መመለሱን ራሱ የሚያውቀው ስትሮክ ከመታው በኋላ ነው።

የመጨረሻው፣ ብዙም የማይወራለት፣ የማስታገሻ ነገር ነው። ጉልበት ባመመ ቁጥር ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ገዝቶ ለወራት መዋጥ ጨጓራ ሊያደማና ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ግፊትንም ከፍ ያደርጋል፣ አንዳንድ የግፊት ኪኒኖችንም ያዳክማል። ስለዚህ ለጉልበት መድኃኒት ቤት ስትሄዱ የምትወስዱትን የግፊት ኪኒን ማሸጊያ ይዛችሁ ሂዱና ለፋርማሲስቱ አሳዩት።